ፊደል ያልቆጠረው ኪቦርድ

እስቲ ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ኪቦርዳችሁ ላይ «ኤ» የሚል የላቲን ፊደል የተጻፈበትን ቁልፍ ስትጫኑ፣ በሽቦው አልፎ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባው ምንድን ነው? «ኤ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም ጎበዝ። የሚገባው ቁጥር ነው። አይቢኤም በ1981 ባወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ላይ ያ ቁልፍ ሲጫኑት 30 ይላል፣ ሲለቁት 158 ይላል፤ ከዚያ ውጪ የሚያውቀው ነገር የለም። 30 ማለት የእንግሊዞቹ «ኤ» ይሁን፣ የፈረንሳዮቹ «ኩ» ይሁን፣ የእኛ ራብዕ ይሁን የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ሠንጠረዥ ነው። ቁልፉ ላይ የታተመው ፊደል ለዓይናችን የተለጠፈ ምልክት ነው፤ ተፍቆ ቢጠፋ እንኳ ማሽኑ አይከፋውም።

እናላችሁ፣ ኪቦርድ ፊደል አልቆጠረም። ቁጥር ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ይህቺን ትንሽ እውነት ይዤ ነው ዛሬ ወደ ነቀምቴ የምወስዳችሁ። (ከመነሣታችን በፊት፦ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለምን ነቀምቴ? ወለጋ ቋንቋውን ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሁለት ፊደል የጻፈ አገር ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ፊደል ጊዜ ኪቦርድ የሚባል ነገር መንገድ ላይ አልቆመም። በሁለተኛው ጊዜ ግን ኪቦርድ ከሚዛኑ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ዛሬ በየቢሮው ጥግ አቧራ ለብሶ፣ በሐምራዊ ክብ ሶኬት የሚሰካው አሮጌ ኪቦርድ የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ምስክርነቱንም ሳይሰጥ ወደ ቆሻሻ ሊሄድ ነው።

የእርሳስ ፊደል ዘመን

መጀመሪያ ወደ ኦኔሲሞስ ነሲብ እንሂድ። ሲወለድ የወጣለት ስም ሂካ ነበር፤ በአፋን ኦሮሞ «ተርጓሚ» ማለት ነው። ስም ያወጡለት ወላጆቹ የልጃቸውን ዕድል ያወቁ ይመስላል። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምፅዋ ደረሰ፤ እዚያ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ፤ ስዊድን ድረስም ሄዶ ተምሮ ተመለሰ። እንደ እሱው ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ጀመረ። አስቴር ከአእምሮዋ ያወጣቻቸውን 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ሰብስባለች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሳንክት ክሪሾና ታተመ። ሁሉም በግዕዝ ፊደል።

ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ገባ። የከተማይቱ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ተቀብለው አስጠጉት፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ነቀምቴ ላይ ቆሞ ይታያል። ኦኔሲሞስ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በአፋን ኦሮሞ አስተማረ፣ ክስና እገዳም ደረሰበት፣ በመጨረሻም በ1931 እዚያው ዐረፈ። አስቴርም እዚያው አስተምራለች።

አሁን ልብ በሉልኝ። ያ ሁሉ ሥራ የታተመው በእርሳስ ፊደል ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ የሚባል ባለሙያ አለ፤ ፊት ለፊቱ በትንንሽ ሳጥን የተከፋፈለ ትልቅ መደብ ይዘረጋል። በየሳጥኑ አንድ የፊደል ዓይነት አለ። ለአማርኛ 231 ሳጥን ካስፈለገ 231 ይደረጋል። ለኦሮምኛ ደግሞ አማርኛ የሌለው ድምፅ ካለ አንድ ረድፍ ይጨመራል። መደቡ ሰፋ ይላል፣ የለቃሚው እጅ ራቅ ብሎ ይዘረጋል፣ ሥራው ይዘገያል፤ ግን «ቦታ የለኝም» የሚል ፊደል አይኖርም። የግዕዝ ፊደል ብዛት ለማተሚያ ቤት የድካም ጉዳይ ነበር፤ የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ጣት ሲመጣ ነው።

44 ቁልፍ ለ231 ፊደል

አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ከባልንጀሮቹ ጋር የሠራውን የጽሕፈት መኪና ሬሚንግተን በ1874 ለገበያ አወጣው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ከላይ በኩል «ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ» እያለ የሚደረደረው ሰልፍ ከዚያ የመጣ ነው። በጠመንጃ ሥራው የሚታወቅ ፋብሪካ ያወጣው የፊደል ሰልፍ እስካሁን በየጣታችን ሥር ተሰልፏል። እንግዲህ ውርስ ማለት ይህ ነው!

አንድ የጽሕፈት መኪና 44 ግድም ቁልፍ አለው። ከፍ ማድረጊያውን ሲጨምሩበት ወደ 88 ምልክት ይመታል። ለእንግሊዝኛ ይተርፋል። ለእኛ 33 ሲባዛ በ7 ግን፣ ዲቃሎቹን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ሳንቆጥር 231 ነው። በጽሕፈት መኪና ላይ ደግሞ ፊደሉ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ብረቱ የሌለውን ፊደል ወረቀቱ አያየውም።

መሐንዲስ አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ይህን እንቆቅልሽ ፈቱት። የላቲኑን መኪና ወስደው ለአማርኛ አበጁት። መፍትሔው ፊደሉን መቆራረጥ ነበር፦ ገላው በአንድ ቁልፍ፣ እግሩና እጁ በሌላ ቁልፍ። «ሉ»ን ለመጻፍ የ«ለ»ን ገላ መትቶ የካዕቡን ምልክት መጨመር ነው። ድሮ በታይፕ የተመታ የሹመት ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ የካዕቡ ቅጥያ ከፊደሉ ፈንጠር ብሎ፣ ጎረቤቱን የተቀየመ መስሎ ይቆማል። ቢሆንም ሠርቷል! የአገሪቱ መዝገብ ለአሥርት ዓመታት በዚያ ተጽፏል። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲሱ ተረፈ ራስወርቅ አማርኛን በቴሌፕሪንተር ላኩት።

ይሁንና ዋጋ ተከፍሎበታል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት «ፊደሉ ራሱ ይሻሻል፣ ይቀነስ» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከክርክሩ ምክንያቶች አንዱ ያው የጽሕፈት መኪናው ነው። መኪናው ለፊደሉ እንዲመች ከማድረግ ይልቅ ፊደሉ ለመኪናው እንዲመች ማድረግ! ሀሳቡ አልተሳካም እንጂ።

አማርኛ እንዲህ ተጨንቆ ከገባበት መኪና ላይ የኦሮምኛ ድርሻ ምን ሊሆን ይችላል? አፋን ኦሮሞ አማርኛ የሌለው አንድ ድምፅ አለው፤ «ደ»ን ወደ ውስጥ ስቦ፣ አንቆ እንደመጥራት ያለ። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ይህ ድምፅ «ደ» ላይ ጭረት ተጨምሮባት በተሠራችው በ«ዸ» ተወክሏል። ለአማርኛ ራሱ ባልበቃ የቁልፍ ብዛት ላይ ለ«ዸ» እና ለስድስት እህቶቿ ቦታ መፈለግ ጠባብ ቤት ውስጥ እንግዳ ማስተናገድ ነበር።

ግን ጥፋቱን ሁሉ መኪናው ላይ አልከምርም። በንጉሡ ዘመን አፋን ኦሮሞ በትምህርት ቤትና በሕትመት በሩ የተዘጋበት ቁልፍ ስላነሰ አልነበረም፤ ፖለቲካ ነበር። ለዚህም ማስረጃው ከአብዮቱ በኋላ የሆነው ነው። በ1975 «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ በግዕዝ ፊደል መታተም ጀመረ። በ1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ጨምሮ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች፣ በዚያው በግዕዝ ፊደል ሲያስተምር ነበር። ፈቃድ ሲገኝ ፊደሉ ተገኘ ማለት ነው። ማተሚያ ቤቱ ዛሬም ሰፊ መደብ ነበረው። የቢሮው ጠረጴዛ ግን ያችው ጠባብ መኪና።

ክቡ ቀዳዳ

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንግባ፤ በቀዳዳው በኩል።

የ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ 83 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ነበረው። የሚሰካው ወፈር ባለ፣ ባለ አምስት እግር ክብ ሶኬት ነው። በ1984 ኤቲ የተባለው ሞዴል መጣ። ሶኬቱ ያው ነበር፤ ክብ፣ ባለ አምስት እግር። ግን የፊተኛውን ኪቦርድ ኤቲ ላይ ብትሰኩት ዝም ይላል! ቀዳዳው አንድ ሆኖ ቋንቋው ተለውጧል። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን አንዳንድ ኪቦርዶች ከሆዳቸው ሥር አንዱን ወይም ሌላውን ቋንቋ የምታስመርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የነበረቻቸው።

በ1987 ደግሞ አይቢኤም ፒኤስ ቱ የተባሉትን ኮምፒዩተሮች አወጣ፤ ሶኬቱ አነስ ብሎ ባለ ስድስት እግር ሆነ። የኮምፒዩተሮቹ ስም በሶኬቱ ላይ ቀረ። ዛሬ «ፒኤስ ቱ ኪቦርድ» የምንለው ያ ነው። ነገሩ አሁን ተገለበጠ፦ ቀዳዳው ተለወጠ፣ ቋንቋው ግን የኤቲው ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ክብ ወደ ቀጭኑ ክብ የምትቀይር ርካሽ አስማሚ ብቻ ይበቃል፤ ሽቦ ለሽቦ ተገናኝቶ ይሠራል። የኪቦርዱ ሶኬት ሐምራዊ፣ የማውሱ አረንጓዴ የሆነውም ማይክሮሶፍትና ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ባወጡት መመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱ መንትያ ስለሚመስሉ፣ ሲፒዩው ጀርባ ላይ በርከክ ብሎ «የቱ የቱ ነው?» ማለት የዘመኑ ስፖርት ነበር።

ከዚያ በ1996 ዩኤስቢ መጣ። ጠባዩ ይለያል። የፒኤስ ቱ ኪቦርድ በሩን ራሱ ያንኳኳል፤ ቁልፍ ሲነካ ኮምፒዩተሩን አቋርጦ «መጣሁ» ይላል። የዩኤስቢው ጨዋ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በየቅጽበቱ «ምን አለህ?» ብሎ እስኪጠይቀው ይጠብቃል። ቁጥሩም ሌላ ነው፤ «ኤ»ን 4 ብሎ ይልካል። ዊንዶውስ ታዲያ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? 4ን ተቀብሎ መልሶ 30 ያደርገዋል! እ.ኤ.አ. የ1981ዷ 30 ዛሬም በዘመናዊ ላፕቶፓችሁ ውስጥ አለች። ሶኬቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ቁጥሩ አልተቀየረም።

የዚህን ትርጉም አስቡት። በጽሕፈት መኪናው ላይ ፊደል ብረት ነበር። እዚህ ግን ፊደል ስምምነት ሆነ። «30 ስል ይህን ማለቴ ነው» ተባብሎ መስማማት። ለእኛ ይህ ትልቅ ነፃነት ነበር። «ለ»ን ተጭኖ «ኡ»ን ሲያስከትሉ «ሉ» ሙሉ ገላዋን ይዛ ትመጣለች፤ ቅጥያዋ ፈንጠር ማለት ቀረ። የቁልፍ ማነስ የሚባለው ችግር በዚያች ቅጽበት አበቃለት። «ዸ»ም ብትሆን አንድ መስመር ስምምነት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት።

ስምምነት! ያችን ደግሞ የት እናምጣት?

ሁሉም በየሠንጠረዡ

በ1980ዎቹ አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኮምፒዩተርን አማርኛ ማስተማር ጀመሩ። የዳሸኑ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በዚህ ስማቸው ይነሣል። በ1990ዎቹ ደግሞ አዲስ አበባም ውጭም ብዙ ዓይነት ሶፍትዌር ተሠራ። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ዋሽራ... የጽሕፈት አገልግሎት ቤት በር ላይ ቆሞ ወረፋ የጠበቀ ሰው እነዚህን ስሞች ያውቃቸዋል። እነሱ ባይኖሩ አማርኛ ለ20 ዓመት ያህል ከኮምፒዩተር ውጭ በቀረ ነበር። ምስጋናችን የተጠበቀ ነው።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ለፊደል የሚሰጠው 256 ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደላችንን ለሁለት ፎንት አካፈለው። ሁሉም ደግሞ በየራሱ ሠንጠረዥ ደረደረው። አንዱ «ለ» ያለውን ቁጥር ሌላው «መ» አለው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ሆሄው ተደበላልቆ ይመጣል፤ ፎንቱ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ በላቲን ፊደላትና በጥያቄ ምልክት የተሞላ እርግማን የሚመስል ነገር ይወጣል። ኤክስቲና ኤቲ ኪቦርዶች ላይ ያየነው ጣጣ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው፦ ፋይሉ አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ቋንቋው ግን የተለያየ ነው።

መድኃኒቱ ዩኒኮድ ነበር፤ ለዓለም ፊደል ሁሉ አንድ የጋራ ሠንጠረዥ። በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ውስጥ 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ገቡ። «ሀ» 4608ን ይዛ ከፊት ቆመች። «ለ» 4616 ሆነች። «ዸ»ም አልተረሳችም! 4856 ብላ ከነእህቶቿ ቦታዋን ያዘች። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2007 ለሕዝብ ባወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ «ኛላ» የተባለ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ አብሮ ላከ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ለመጻፍ ሶፍትዌር መግዛት ግዴታ መሆኑ ቀረ።

«ዸ» ግን መቀመጫዋን ስታገኝ ዘግይታ ነበር። ባለቤቶቿ ከቤቱ ከወጡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል።

ቁቤ ሲመጣ

ጥቅምት 23 ቀን 1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የፓርላማ አዳራሽ ብዙ የኦሮሞ ምሁራን ተሰብስበው ተከራከሩ፤ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወሰኑ። ቁቤ የምንለው ነው። ከዚያ በኋላ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡ ያሉ ሕፃናት በቁቤ ፊደል ቆጠሩ።

ምክንያቱ ምን ነበር? የቋንቋ ምሁሩ ዶክተር ጥላሁን ጋምታ በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቶቹን የቋንቋ፣ የማስተማሪያና የተግባር ብለው ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያው ከባዱ ነው። በአፋን ኦሮሞ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለውጣል፤ «ምድር» የሚለው ቃልና «ለስላሳ» የሚለው ቃል የሚለያዩት አናባቢዎቹ በማጠራቸውና በመርዘማቸው ብቻ ነው። የተነባቢ መጥበቅና መላላትም እንደዚሁ። የግዕዝ ፊደል እነዚህን አያሳይም፤ ቁቤ ግን ፊደሉን በመደገም ያሳያል። ሦስተኛው፣ የተግባር የተባለው ነጥብ ውስጥ ግን የእኛ ኪቦርድ ብቅ ይላል፤ የላቲን ፊደል ለኮምፒዩተር የተመቸ መሆኑ።

በዚያ ቀን ይህን ያለ ሰው ተሳስቷል ማለት አይቻልም። በ1984 ዓ.ም. ዩኒኮድ የእኛን ፊደል አላካተተም። ቁቤ ደግሞ ከ26ቱ የላቲን ፊደላት ውጪ አንድም አዲስ ምልክት አይፈልግም። ያቺ ታንቃ የምትጠራው «ዸ» እንኳ በሁለት የተለመዱ ፊደላት ጥምረት ትጻፋለች። ሁዻ የሚባለው የመቋረጥ ምልክትም ኪቦርዱ ላይ ድሮ ያለችው ነጠላ ጭረት ናት። ከየትም አገር በካርቶን ታሽጎ የመጣ ኪቦርድ፣ ወፍራም ክብ ሶኬት ይኑረው ቀጭን፣ ተሰክቶ በዚያችው ደቂቃ አፋን ኦሮሞ ይጽፋል። ሠንጠረዥ መግዛት የለ፣ ፎንት መጫን የለ!

ታዲያ ፊደሉን ኪቦርድ መረጠው? አይደለም። የአናባቢው ጉዳይ ነበረ፣ ለዘመናት ተከልክሎ የኖረ ቋንቋ የራሴ የሚለውን የመፈለጉ ጉዳይም ነበረ። ኪቦርድ ብቻውን ሕዝብን ፊደል አያስለውጥም። እኔ የማስቀምጠው ሌላ ነገር ነው። ከክርክሩ ነጥቦች መካከል አንዷ፣ ያቺ የኪቦርድ ነገር፣ ዕድሜዋ አጭር ነበር። የዛሬ ልጅ በስልኩ ላይ «ዸ»ን እንደማንኛውም ፊደል ይጽፋታል። ከእንግዲህ ስለ ፊደል የሚከራከር ሰው፣ ከዚህም ወገን ይሁን ከዚያ፣ «ማሽኑ አይችልም» የሚለውን ነጥብ ከዝርዝሩ ይሰርዝልኝ። ማሽኑ ቁጥር ነው የሚቆጥረው። የቀረውን ሰው ነው የሚወስነው፤ ስለ ድምፁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ታሪኩ አስቦ።

አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት

አሁን ወደ ዛሬ። ነቀምቴ ከባኬ ጃማ እስከ ቡርቃ ጃቶ የሁለት ፊደል ከተማ ናት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ማመልከቻው በቁቤ ይጻፋል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን በአማርኛ። ጎረቤቱ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ደግሞ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ለሁለቱም ወገን የሚጽፍ ታይፒስት በአንድ ኪቦርድ ላይ ሁለት ፊደል ይይዛል። ጣቱ 30ን ይመታል፤ አንዴ የቁቤ «አ» ትሆናለች፣ አንዴ የግዕዝ ራብዕ። ይህ ችሎታ በማንም የትምህርት ማስረጃ ላይ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ከብዙ ዲግሪ እኩል አየዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. እስከ 2000 ዓ.ም. አካባቢ በየቢሮው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየማኅበሩ በአማርኛ የተጻፈው ፋይል አብዛኛው በእነዚያ የየግል ሠንጠረዦች የተጻፈ ነው። የርስት ክርክር፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የተማሪ መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ። ፋይሉን ወደ አዲስ ላፕቶፕ ሲገለብጡት እርግማን ይሆናል። በትክክል የሚያነበው ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው አሮጌ ሲፒዩ ነው፤ ፎንቱም ሶፍትዌሩም እሱ ላይ ነው ያለው። ሲፒዩው ደግሞ ኪቦርድ ይፈልጋል። ኪቦርድ ከሌለ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «ኪቦርድ አልተገኘም፤ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ»። በምን ልጫን?! (የኮምፒዩተር ዓለም ምርጥ ቀልድ ይህ ነው፤ ያውም ሳያስበው የቀለደው።)

ስለዚህ ወጣቶች፣ ቢሮ ሲጸዳ አጠገቡ ያላችሁ፣ እነዚህን ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ሐምራዊ ሶኬት ያለውን አንድ ኪቦርድ አትጣሉ። የዩኤስቢ ኪቦርድ በአሮጌ ማሽን ላይ ላይሠራ ይችላል። ዊንዶውስ ኤንቲ 4 ዩኤስቢን አያውቅም፤ የመጀመሪያው ዊንዶውስ 95ም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ዩኤስቢን ወደ ፒኤስ ቱ የምትቀይረው ትንሿ ሐምራዊ አስማሚ ለሁሉም ኪቦርድ አትሠራም። የምትሠራው ሁለቱንም ቋንቋ ለሚችል ኪቦርድ ብቻ ነው፤ እሷ ሶኬት ነች እንጂ አስተርጓሚ አይደለችም። ኪቦርዱ አንድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ የሚያውቀው ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ፒኤስ ቱን የምትሰኩትም የምትነቅሉትም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ነው። እንደ ፍላሽ በሥራ ላይ እያለ አይነቀልም፤ ቢቀናችሁ ዳግም እስኪነሣ ኪቦርዱን አያውቀውም፣ ካልቀናችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ፊውዝ ትቃጠላለች።

አራተኛውና ዋናው፣ ማሽኑ ሲነሣ ፋይሉን ብቻ ገልብጣችሁ አትሂዱ። ፎንቶቹንም ገልብጡ፣ የፎንቱን ስም በወረቀት ጻፉ። የትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ካልታወቀ ግን ቁጥሮቹ በእጃችሁ ሆነው ትርጉማቸው ይጠፋል። ዋና ዋናውን ሰነድ ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ እያለ በወረቀት አትሙት። የኦኔሲሞስና የአስቴር መጻሕፍት ከመቶ ዓመት በኋላም ያለ ሶኬት፣ ያለ ሾፌር ፕሮግራም ይነበባሉ። በ1990 ዓ.ም. የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ግን ዛሬ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ይህ አያስደነግጥም?

መሐንዲስ አያና ፊደላችንን ቆራርጠው ከማሽኑ ጋር አስታረቁት። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ቁጥር ሰጥተው ከነገላው መለሱት። የእኛ ትውልድ ሥራ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ከነትርጉሙ ለሚቀጥለው ማስረከብ። ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ሐምራዊ ሶኬት፣ አንድ የእረፍት ቀንና «ይህ ቆሻሻ ነው» ከማለት በፊት አንዴ መክፈት ነው።

እስከሚቀጥለው ጽሑፍ ቸር ሰንብቱ!